ነባር ዕዳን በክፍያ ስምምነት እየከፈሉ የቤት ብድር ስለመጠየቅ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ዞን ከተሞች ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት ብድር የሚጠይቅ ነዋሪ ቀደም ሲል ከባንክ፣ ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ወይም ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የወሰደው ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። ነባሩን ዕዳ በተሸጋሸገ የክፍያ ጊዜ እየከፈሉ መሆን በራሱ አዲስ ብድር አያስከለክልም። ሆኖም ስምምነቱ የጽሑፍ መሆኑ፣ ክፍያው ሳይቋረጥ መፈጸሙና ዕዳው ሳይደበቅ መገለጹ ወሳኝ ነው።

የክፍያ ስምምነት ምንነት

በአንዳንድ አገሮች ተበዳሪው በየወሩ አንድ ክፍያ ለአንድ ድርጅት ይፈጽማል፤ ድርጅቱም ገንዘቡን ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል። በኢትዮጵያ ተበዳሪው የሚደራደረው ከእያንዳንዱ አበዳሪ ጋር በተናጠል ነው። በመሆኑም ከአንዱ አበዳሪ ጋር የተደረገ የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ሌላውን አያስገድድም። ስምምነቱ ቀሪውን ዕዳ፣ ወለዱን፣ ወርኃዊውን ክፍያና የመጨረሻውን የመክፈያ ቀን በግልጽ መያዝ አለበት።

ባንኩ የሚመረምረው የብድር ታሪክ

ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚገኘውን የብድር መረጃ ማዕከል ይጠይቃሉ። ስለዚህ በአምቦ ከሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ የተወሰደ ብድር በአዲስ አበባ ለሚገኝ ሌላ ባንክም ይታያል። ክፍያው 90 ቀናትና ከዚያ በላይ የዘገየ ብድር ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል። እንዲህ ያለ ብድር የጊዜ ሽግሽግ ስለተፈረመለት ብቻ ወዲያውኑ ጤናማ አይሆንም፤ በአዲሱ ውል መሠረት በተከታታይ መከፈሉ መታየት ይኖርበታል። ለሌላ ሰው የተገባ ዋስትናም ዋናው ተበዳሪ ሳይከፍል ሲቀር ወደ ዋሱ የሚዞር ግዴታ ስለሆነ ሊገለጽ ይገባል።

የመክፈል አቅም

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ የወር ደመወዙ 15,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ከደመወዙ ሊቆረጥ የሚችለው እስከ 5,000 ብር ነው። ለነባሩ ዕዳ 3,000 ብር የሚቆረጥበት ከሆነ በደመወዝ ቆረጣ ለቤቱ ብድር የሚውለው ከ2,000 ብር አይበልጥም። ባንኮች ከዚህ በተጨማሪ የየራሳቸውን የአቅም መመዘኛ ይጠቀማሉ።

የቤት መያዣ

• በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውል በጽሑፍ መደረግና ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ መመዝገብ አለበት።
• አንድ ቤት ለሁለት ዕዳዎች በመያዣነት ከተሰጠ ቀድሞ ያስመዘገበው አበዳሪ ቅድሚያ አለው። በዚህ ምክንያት ነባሩ ዕዳ በዚያው ቤት የተያዘ ከሆነ አዲሱ ባንክ መያዣው አስቀድሞ እንዲነሳ ሊጠይቅ ይችላል።
• በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ የተያዘ ቦታ በመያዣነት ሊሰጥ የሚችለው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው።
• የባልና ሚስት የጋራ ቤት በመያዣነት የሚሰጠው በሁለቱም ስምምነት ነው።

ከማመልከት በፊት የሚደረግ ዝግጅት

1. ከእያንዳንዱ አበዳሪ ቀሪውን ዕዳና እስከዚያ የተፈጸመውን ክፍያ የሚያሳይ ደብዳቤ መውሰድ፤
2. ተከፍሎ ያለቀ ብድር በብድር መረጃው ላይ እንዳልተከፈለ ተመዝግቦ ከሆነ እንዲታረም አበዳሪውን በጽሑፍ መጠየቅ፤
3. የቦታውን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታና የመያዣ ወይም የዕግድ ሁኔታ ከከተማው የመሬት አስተዳደር ማጣራት፤
4. ለባንኩ የተቀማጭ ድርሻ ለማሟላት ከአራጣ አበዳሪ አለመበደር። አራጣ በወንጀል የሚያስቀጣ ሲሆን የተበዳሪውንም የመክፈል አቅም ያዳክማል።

ማስገንዘቢያ

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ብድሩ በወቅቱ ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የሁለቱን ዕዳዎች ክፍያ ደምሮ ገቢው የማይበቃ አመልካች ነባሩን ዕዳ አስቀድሞ ቢያጠናቅቅ ይመረጣል። ክፍያው ከመቋረጡ በፊት ወደ አበዳሪው ቀርቦ ሽግሽግ መጠየቅም ቤትን ከሐራጅ ለመጠበቅ ያግዛል።