የባሕሩ ዐይንና የመጋዘናችን ዐይን



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ «ለመጋዘናችን ሁለተኛ ካሜራ ይገዛ፣ ዘበኛው ይሰናበት» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ማከራከሩ ይታወሳል። እኛም ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን እንደ መሆናችን፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይህ ካሜራ የሚሉት ነገር ከየት ተነሥቶ እኛ ደጅ እንደ ደረሰ ባጭሩ ብንጽፍ ይጠቅማል ብለን ተነሣን። የውጭውን ታሪክ ዘመን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከባሕር እንጀምር። በ1893 ሉዊ ቡታን የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ፣ ባንዩል በምትባል በደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ፣ የፎቶግራፍ መሣሪያውን ውሃ በማያስገባ ሣጥን አሽጎ ባሕር ውስጥ ገባ። ከውሃ በታች ብርሃን ስለሚያንስ አንዱን ሥዕል ለማንሣት እስከ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ይህ እንግዲህ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ነው። የሚንቀሳቀሰውን ነገር በሩቅ ሆኖ በዚያው ሰዓት ማየት የተቻለው ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ ነው። በ1942 ጀርመኖች በፔነሙንደ የሮኬት ጣቢያቸው ካሜራ ተክለው፣ ሮኬቱ ሲተኰስ አደጋ ከማይደርስበት ቦታ ሆነው ይመለከቱ ነበር። ዛሬ በየባንኩና በየሱቁ የምናየው የጥበቃ ካሜራ የዘር ሐረጉ ወደዚህ ይሄዳል።

ለእኛ ለዕድርተኞች ልብ የሚነካው ግን የ1951ዱ ነገር ነው። በኤፕሪል ወር አፍሬይ የምትባል የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ 75 ሰዎች ይዛ ለልምምድ እንደ ወጣች ሳትመለስ ቀረች። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ባሕር በጦርነት ጊዜ የሰመጡ መርከቦች የሞሉበት ስለሆነ፣ የድምፅ መሣሪያው «እዚህ አንድ ነገር አለ» ቢልም የትኛዋ መርከብ እንደሆነች አይናገርም። ፍለጋው ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በጁን ወር የቴሌቪዥን ካሜራ በጠንካራ ሣጥን ታሽጎ ከ80 ሜትር በላይ ወደ ታች ወረደ። ከላይ መርከቡ ላይ ሆነው የሚያዩት ሰዎች በመስተዋቱ ላይ የመርከቢቱን ስም ፊደል በፊደል አነበቡት። አስከሬኖቹ ግን አልወጡም፤ ቦታው ዛሬም በሕግ እንደ መቃብር የተጠበቀ ነው። ያ ካሜራ የሞተ አላስነሣም። የእነዚያ ሰዎች ሚስቶችና እናቶች ግን «የት ወደቀብኝ?» ከሚለው ጥያቄ ዐረፉ። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አስከሬን ያላገኘ ኀዘንተኛ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲሁም በ1985 የታይታኒክ ስብርባሪ 3,800 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የተገኘው፣ አርጎ በተባለ በገመድ በሚጎተት የካሜራ መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ አርጎን ብቻውን ባሕር ላይ ጥለውት አልተኙም። ሰዎች በፈረቃ ሌትም ቀንም መስተዋቱ ፊት ይቀመጡ ነበር። የመርከቢቱ የእንፋሎት ጋን ብቅ ሲል ከመስተዋቱ ፊት መነሣት ያልፈለጉት ፈረቀኞች፣ አለቃቸውን ሮበርት ባላርድን እንዲጠራ የላኩት የመርከባቸውን ወጥ ቤት ነው። መጀመሪያ እልል አሉ፤ በኋላ ግን እዚያ 1,500 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ትዝ ቢላቸው፣ ወደ መርከባቸው ጀርባ ወጥተው በዝምታ ቆሙ።

ወደ ቤት ጥበቃው ስንመጣ፣ ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ እናገኛለን። በኒው ዮርክ ኩዊንስ ሰፈር ስትኖር ፖሊስ ተጠርቶ ቶሎ አይደርስም፤ እርሷም ፈራች። በ1966 ከባለቤቷ ጋር ሆና ለአንድ መሣሪያ የፈጠራ መብት ጠየቀች፤ በ1969 ተሰጣት። በበሩ ላይ አራት ቀዳዳ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚንቀሳቀስ ካሜራ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን፣ ከውጭ ካለው ሰው ጋር መነጋገሪያ፣ በሩን ከሩቅ መክፈቻ ነበረው። አያችሁ፤ ሴትዮዋ ማየት ብቻ አልበቃትም፤ «ማነህ?» ብላ የምትጠይቅበትን ጨመረች።

ታዲያ እኛ ይህን «ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው የዘነጋነው። በመስከረም ቈጠራ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ጐደለ። መቅጃውን ስንከፍት አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው በሌሊት ድስት ተሸክሞ ሲወጣ ታየ፤ የተጻፈበት ቀን ጃንዋሪ ማለትም የእኛ ጥር ነው። በጥር ከአባላት የሞተ ሰው የለም፤ ዕቃም አልወጣም። «በቃ፣ ዘበኛው ነው» አልንና ደመወዙን ሁለት ወር አገድን። በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤቷ እትዬ ሥዕሉን አይተው፣ «ኧረ በጥር ይህ ሁሉ ዝናብ ከየት መጣ?» አሉ። ለካስ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የመቅጃው ሰዓት ተዛብቶ ኖሯል። መዝገብ ሲገለጥ በነሐሴ ለአንድ ሟች አባላችን ቤት ዕቃ መውጣቱ፣ ከነተረካቢው ፊርማ ተገኘ። ዘበኛው ድስቱን ያወጣው በሊቀ መንበሩ ትእዛዝ ነበር፤ ድስቶቹም ከተረካቢው ዘመድ ቤት ተገኙ። እኛው መዝገብ ቤት ያረጀነው ሰዎች ሥዕል ስናይ መዝገቡን ረሳነው! ሽማግሌ ይዘን፣ የታገደውን ደመወዝ ይዘን ቤቱ ሄድን። እርሱም «ካሜራውን ስትጠይቁ እኔን አልጠየቃችሁኝም» ብሎ ብቻ ይቅር አለን። አባቶች «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ካሜራ ቢገዛ አንቃወምም። ነገር ግን የመቅጃው ቀንና ሰዓት በየወሩ፣ መብራትም በጠፋ ቍጥር ይታይ። መስተዋቱ ከአቧራና ከሸረሪት ድር ይጠረግ፤ በሩ ላይ አምፖል ይብራ። አሮጌው ቅጂ በአዲሱ እየተተካ ስለሚጠፋ፣ ነገር ሲጐድል ሳይውል ሳያድር ይከፈት። ሲከፈትም ሦስት ሰው ሆኖ ከመዝገብ ጋር ይመሳከር። ማንም ሰው ሳይጠየቅ በሥዕል ብቻ አይፈረድበት። ዘበኛውም በሥራው ይቈይ፤ ሌሊት የኀዘን መልእክት ሲመጣ በር ከፍቶ ድንኳን የሚያወጣልን እርሱ ነው።

አንድነታችንን ያጽናልን።