ጨቅላ ሴል

የሀብሩዋ አክስቴ የመርሳ ማንጎ ለዳፍንት ፍቱን ነው ትላለች። ወልድያ ላይ ልጇን "የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም" ሲሏት "ለደሙስ?" አለችኝ። ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ገብቼ አነበብኩ።

ሰውነት ከማንጎው ቢጫ ቀለም ቫይታሚን ኤ፣ ከእሱም ሬቲኖይክ አሲድ ይሠራል። ይህ ሞለኪውል ሴሉ ውስጥ ጂኖችን ያበራል፤ ሴሉም ይበስላል። ኤፒኤል በተባለው የደም ካንሰር ግን ሁለት ጂኖች ተቆርጠው ይጣበቁና ትእዛዙን ያፍናሉ፤ ሴሉ ጨቅላ እንደሆነ ይባዛል።

በ1985 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ ውስጥ ሐኪሙ ዋንግ ዠንዪ አሲዱን ለአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ሰጧት፤ ዳነች። በ1988 የ24 ታማሚዎች ውጤት ታተመ። ሴሎቹ ተመርዘው አልሞቱም፣ አደጉ እንጂ! የተጣበቁት ጂኖች የታወቁት ከዚያ በኋላ፣ 1990 ገደማ ነው። እኔ ብሆን ስህተቱን ሳላውቅ ኮዱን አልነካም።

ለአክስቴ ማንጎ መድኃኒቱን እንደማይተካ፣ መድኃኒቱም ለዚያ ዓይነት ብቻ እንደሆነ፣ የልጇ ዓይነት ደግሞ ገና እንዳልተለየ ነገርኳት።

"እንግዲያው ለምርመራው መቼ እንሂድ?" አለች።