ከምጽዋት ወደ መብት፤ የተረጂው ወገን ታሪክ በአገራችን

የአንድ ኅብረተሰብ የዕድገት ደረጃ የሚለካው በሠራቸው ሕንፃዎችና ባመረተው እህል ብቻ አይደለም። ሠርቶ ለማደር አቅም ያነሰውን ወገኑን እንዴት እንደያዘም ይለካበታል። የዕርዳታ ታሪክ ሲጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የሰጪው ታሪክ ነው፤ ስንት ኩንታል እንደተጫነ፣ በየትኛው ዐዋጅ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደተቋቋመ። ተቀባዩ በዚያ ታሪክ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን ከሰልፉ መጨረሻ ከቆመው ሰው አንጻር መመልከት ነው። ይህ ሰው በየዘመኑ የተቀበለው ምንድን ነው? የተቀበለውስ እንደ ምን ተቆጥሮ ነው?

ቋንቋችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ቃሉ ርኅራኄን ያዘለ ነው፤ ሰጪው ነገ በተቀባዩ ቦታ ሊቆም እንደሚችል ያስታውሰዋል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በተዝካርና በሰንበቴ፣ በዘካና በሰደቃ ድሃው ሲቀምስ ኖሯል። የቆሎ ተማሪውም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ባገኘው ቁራሽ ተምሮ ለሊቅነት በቅቷል። ሆኖም ይህ ሁሉ በሰጪው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ለማኙ «እግዜር ይስጥህ» ከተባለ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ አቤት የሚልበት ሸንጎ አልነበረውም።

ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፣ ከዘመድ አዝማዱ ርቆ ሥራ ፍለጋ የገባው ሰው ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢሞት የሚቀብረው አጣ። ለዚህ ችግር ሕዝቡ ራሱ ያወጣለት መፍትሔ እድር ነው። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፣ የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ፣ የራሱ ድንኳንና ድስት አለው። አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ከቀብር ከቀረ ይቀጣል። ታላቁ ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሐዘን የደረሰባት አባል ገንዘቡን ስትቀበል አንገቷን አትደፋም። የምትቀበለው የራሷን ነውና። ከደንቡ ውጭ ከተጓደለባትም በሸንጎው መካከል ቆማ ትሟገታለች። ምጽዋት ወደ መብት የተሸጋገረበትን አንዱን መንገድ ሕዝቡ ያለ ማንም አስተማሪ ቀይሶታል።

መንግሥት በዚህ መንገድ የገባው ዘግይቶና በጠባብ በር ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከት ነበር። በግል ድርጅት ተቀጥሮ ዕድሜውን የጨረሰው ሠራተኛ ተመሳሳይ ዋስትና ያገኘው ዐዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው። ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ግን ከበሩ ውጭ ቀሩ። የዚህ ክፍተት መራራ ውጤት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታየ። የዘውዱ መንግሥት ረሃቡን ደበቀ፤ ረሃብተኛው እህል ብቻ ሳይሆን ተርቧል መባልንም ተነፈገ።

የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከዚህ እልቂት በኋላ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ብዙ ድሃ ቤተሰብ በርካሽ ጣራ ሥር ማደር የቻለው በዚህ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱን የሚሰጠው ቀበሌ የዜጋውን ውሎና አዳር ተቆጣጣሪም ሆነ፤ ተጠቃሚው ማመስገንንና መፍራትን አንድ ላይ ለመደ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ በፈቃዱ የሄደ እንደነበረ ሁሉ ተገዶ የተጫነም ነበር። ስለዚህ እየተራበ እህል ከሚታደልበት ጣቢያ የሸሸ ገበሬ ታየ። እህሉ ያው እህል ነው፤ ተቀባዩ ግን የማደያውን ጣቢያ እንደ ወጥመድ ፈራው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ይህን ታሪክ ለማረም የተሞከረበት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አቀፈ። ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል፤ አረጋዊውና አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የሚረዳውን የሚመርጠው የአካባቢው ሕዝብ ሲሆን ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም አለ። በሥርዓቱ መሠረት ተረጂው አቤት የሚልበት ሸንጎ አግኝቷል። ዳሩ ግን ክፍያው ሲዘገይ አበዳሪ ደጅ የሚቆመው እርሱ ነው። ስሙን የሚጽፈው ጎረቤቱ ስለሆነም ቅሬታ ማቅረብ ከጎረቤት መቀያየም ይሆንበታል። ከመርሐ ግብሩ መውጣት «ምረቃ» ይባላል፤ ለተማሪ የደስታ የሆነው ይህ ቃል ጎተራው ላልሞላ ገበሬ የስጋት ቃል ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ እውነት አለ። ተረጂው የሚመዝነው የስፍሩን ብዛት ብቻ አይደለም፤ «ይገባሃል» ተብሎ ነው ወይስ «ተቀበል» ተብሎ ነው የሚለውንም ይመዝናል። የእድርተኛዋ ቀና ማለት የመነጨው ከገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ደንቡን ስለምታውቀውና በደንቡም ላይ ድምፅ ስላላት ነው። መንግሥት ያቋቋማቸው አገልግሎቶች ከሕዝቡ የሚማሩት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ ካድሬው፣ መምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ካድሬው ስም ዝርዝሩን ከማንበቡ በፊት ደንቡን ያንብብ፤ ያልተመረጠው ሰው ለምን እንዳልተመረጠ በአደባባይ ይንገረው። መምህሩ የእድሩን መዝገብ እንደ ታሪክ ሰነድ ቆጥሮ ተማሪዎቹን ወደዚያ ይምራ። ደራሲውና ሠዓሊውም እጁን የዘረጋውን ሰው ሲሥሉ እጁን ብቻ አይሣሉ፤ ፊቱም አለ፤ የሚናገረውም ነገር አለው።