የታሪክ ማስታወሻ፦ የቆረቆንዳ ፒፓና የአስታ ሥር ፒፓ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ነገረ ትንባሆን የሚመለከት ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ትንባሆው ራሱ ሳይሆን ስለሚጨስበት ዕቃ፣ ያውም ስለ ሁለት ዕቃዎች፣ ስለ ቆረቆንዳ ፒፓና ስለ አስታ ሥር ፒፓ እናወጋለን። ካህናቱም ሐኪሞቹም ከወዲሁ እንዳይቀየሙን፣ የመጣነው የዕቃውን ታሪክ ለመናገር እንጂ ጭሱን ለማወደስ አይደለም።

መነሻውን በአጭሩ፦ ትንባሆም በቆሎም የአንድ ምድር፣ የአሜሪካ ምድር፣ ልጆች ናቸው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከተሻገረ በኋላ ከመርከብ ወደ መርከብ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፉ እኛ ዘንድ ደረሱ። ይህ ይበቃል። አሁን ወደ ሰውዬአችን እንለፍ።

ሰውዬአችን ሔንሪ ቲቢ ይባላል። ትውልዱ ሆላንድ፣ ስደቱ አሜሪካ፣ መኖሪያው በሚዙሪ ወንዝ ዳር የምትገኝ ዋሺንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ (ርዕሰ ከተማይቱን ዋሺንግተንን አላልሁም፣ ስመ ሞክሼዋን ነው)፣ ሙያው ደግሞ እንጨት በቶርኖ እያሽከረከሩ መቅረጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 አንድ ገበሬ በቆሎው ከተፈለፈለ በኋላ የተረፈውን ቆረቆንዳ ይዞ ወደዚህ ጠራቢ ዘንድ መጣና፣ በቢላዋ እየፈለፈሉ መሥራት አሰልቺ ሆኖበት ኖሮ፣ በቶርኖው ላይ አሽከርክሮ ፒፓ እንዲያደርግለት ለመነው ይባላል። ቲቢም አልሳቀበትም። እዚህ ላይ፣ አድማጮቼ፣ ጥቂት እንቁም።

(አጭር ዕረፍት)

አልሳቀበትም አልሁ። ሙያ ያለው ሰው፣ የወንበር እግርና የአልጋ ቋሚ የሚቀርጽ ሰው፣ ከብት የሚረግጠውን ቆረቆንዳ ከመሣሪያው ላይ አስሮ ያሽከረክር ዘንድ ሲጠየቅ ምን ይመልሳል ብላችሁ ታስባላችሁ? የብዙዎቻችንን መልስ እኔ አውቀዋለሁ። እርሱ ግን አሰረው፣ አሽከረከረው፣ ውስጡን ቦረቦረው፣ መሳቢያ ሰክቶ ለገበሬው ሰጠው፤ ገበሬውም ደስ አለው፤ ቲቢም ሌላ ጨምሮ ሠርቶ ከሱቁ ደጃፍ ቢያኖረው ሳይውል ሳያድር ተሸጠለት፤ ከዚያ በኋላ የወንበር እግር ጠያቂ አነሰ፣ የቆረቆንዳ ፒፓ ጠያቂ ግን በዛ።

ነገር ግን ቆረቆንዳ፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ከላዩ ስንጥቅጥቅና ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ ፍሬው የተነቀለበት ጉድጓድ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ቲቢ ይህን ጉድጓድ ሁሉ በጄሶ ደፈነው፤ ጄሶው ሲደርቅ ፍቆ አለሰለሰው፤ ለዚህም ጥበቡ እ.ኤ.አ. በ1878 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ልብ በሉ፣ ምስጢሩ ቆረቆንዳው አይደለም፤ ቆረቆንዳ የሌለው ገበሬ የለም፤ ምስጢሩ ጄሶው ነው። ኋላም ዕቃውን «የሚዙሪ ሚርሻም» ብሎ ጠራው፤ ሚርሻም ማለት መኳንንቱ የሚያጨሱበት፣ ከቱርክ አገር የሚመጣው ነጭ ድንጋይ ነው። ድፍረቱን አያችሁልኝ? ድርጅቱ ግን እስከ ዛሬ በዚያችው ከተማ ይሠራል፤ ቆረቆንዳውንም ከመቅረጹ በፊት ለረጅም ጊዜ በጎተራ ያደርቀዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ባለማዕረጉ ፒፓ እንምጣ። ይህ የሚሠራው በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ኮረብታዎች ላይ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ከግንዱ ግን አይደለም፣ በሥሩና በግንዱ መጋጠሚያ ላይ ከመሬት በታች እንደ ዕባጭ ከሚያብጠው ጉብ ነው። እሳት ቁጥቋጦውን ቢበላው ይህ ጉብ አይሞትም፣ ከእርሱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንጨቱም እሳትን የሚቋቋም ነው። ጉቡ ለፒፓ እስኪበቃ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከተቆፈረ በኋላ ተቆርጦ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያም ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት እየደረቀ ይቆያል። በፈረንሳይ አገር በዡራ ተራሮች ያለችው የሴን ክሎድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ ስሟ የተጠራ ናት። አንድ ፈረንሳዊ የናፖሌዎንን የትውልድ ስፍራ ሊሳለም ኮርሲካ ሄዶ ፒፓው ቢሰበርበት እረኛ ከዚህ ሥር ጠርቦ ሰጠው የሚለውን ተረት ሁሉም ይተርከዋል፤ ያማረ ተረት ነው፣ ግን ተረት ነው፣ በዚያው ይለፍ።

ይህ ቁጥቋጦ ማን እንደሆነ ገምታችኋል? በሳይንሱ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል፤ በእኛ አገር አስታ የምንለው ነው። አዎን፣ አስታ! በጮቄ፣ በጉና፣ በስሜን፣ በባሌም አናት ላይ የሚበቅለው፣ እረኛው የሚያነደው አስታ። እንግዲህ አንዱ ፒፓ ከበቆሎ እርሻችን፣ ሁለተኛው ከተራራችን አናት ይወጣ ኖሯል፤ እኛ ግን ሁለቱንም ለማገዶ አደረግናቸው።

የትኛው ይበልጣል? ተማክረን እንፍረድ። የቆረቆንዳው ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አዲሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳያስቸግር ይጨሳል፤ ውስጡ እርጥበትን ስለሚመጥ ጭሱ ደረቅ ይሆናል፤ ጉድለቱ ግን ከጊዜ ብዛት ውስጡ እየተቃጠለ ማለቁ ነው። የአስታ ሥሩ ውድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንጨት እንጨት ይላል፤ ውስጡ የከሰል ሽፋን እስኪያበጅ ትዕግሥት ይሻል፤ በየመካከሉም እንዲደርቅ ማሳረፍ ግድ ነው፤ ከተገራ በኋላ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እንግዲህ አንዱ የዕለት፣ ሁለተኛው የዘመን ነው።

የቆረቆንዳውን ፒፓ በዓለም ፊት ያቆመው የአሜሪካው ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር ነው፤ በነሐሴ 1937 ዓ.ም. ጃፓን ሲገባ በአፉ የነከሰው ይህንኑ ነበር። የጃፓን መንበርከክ የተፈረመበት መርከብ ስሙ «ሚዙሪ»፣ ፒፓው የሚዙሪ፣ ኋላም ጄኔራሉን ከሥልጣኑ የሻረው ፕሬዚዳንት ትሩማን የሚዙሪ ሰው! (ይህን የፈጠርኸው አንተ ነህ ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ አልፈጠርሁትም።) እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ላርም፣ ደስ እያለኝ ላርም። የቃኘው ሻለቃ ጀግኖቻችን በኮርያ በማካርተር ሥር ተዋጉ ሲባል በየቡና ቤቱ ትሰማላችሁ። አልተዋጉም! ትሩማን ጄኔራሉን የሻረው ሚያዝያ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው፤ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ የሚመራው የመጀመሪያው ሻለቃ ከፑሳን ወደብ የደረሰው ደግሞ በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ነው። እነርሱ ሲደርሱ ባለ ቆረቆንዳው ሄዷል፤ በቦታው የተተካው አዛዥ ጄኔራል ሪጅዌይ ነበር። ደግሜ እላለሁ፣ ሄዷል።

እርማት ከጀመርን አይቀር ሌላም አለ። ትንባሆ ከአርዮስ መቃብር በቀለ የሚለውን ትረካ ከአባቶች የሰማ ብዙ ነው። አርዮስ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ በ318ቱ ሊቃውንት ተወግዞ በ336 በቍስጥንጥንያ ሞተ፤ ትንባሆ ደግሞ ከአሜሪካ ምድር የወጣው ከዚያ በኋላ ከ1100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ትንባሆን ከልክሏል የሚል አለ፤ ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነውና ስለማያውቀው ቅጠል ሊደነግግ አይችልም። አጥብቀው የከለከሉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ የአጫሹን ከንፈር፣ የሱረት ወሳጁን አፍንጫ ያስቆርጡ ነበር ተብሎ በሰውም በጽሑፍም ሲነገር ኖሯል። አታጭሱ የሚለው የካህናቱ ምክር ግን፣ ማስረጃው ባይሰምርም፣ ፍሬ ነገሩ ትክክል ነበር፤ ሐኪሞቹ ኋላ ደረሱበት እንጂ።

እኛስ ዕቃ አልነበረንም? ነበረን፤ ጋያ ነበረን። ውኃው የሚያዝበት ቅል፣ ፍሙ የሚቀመጥበት ሸክላ፣ መሳቢያው ሸምበቆ። ይህ ዕቃ ደግሞ ከትንባሆው ይቀድማል ብል ትቆጡኝ ይሆን? በጣና ምሥራቅ ላሊበላ በምትባል ዋሻ ውስጥ (ውቅር ቤተ ክርስቲያናቱ ያሉበት ላሊበላ አይደለም፣ ይህንንም ያዙልኝ) ዶምብሮውስኪ የተባለች ተመራማሪ ሁለት የሸክላ ማጨሻ ራሶች ቆፍራ አወጣች፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው መቶ ዓመት ተገመተ፤ ቫን ደር ሜርዌ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናቱ በውስጣቸው የካናቢስ ቅሪት አገኘ። ይኸውም ኮሎምቦስ ከመነሳቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ዕቃው ቀደመ፣ ትንባሆው ተከተለ።

ፍርዴን ጠይቃችሁኝ እንደሆነ፣ ክብሩን ለቆረቆንዳው እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም የአስታ ሥር ክቡር ሆኖ የተፈጠረ እንጨት ነው፣ ቆረቆንዳው ግን በአንድ ጠራቢ ትዕግሥት የከበረ ውዳቂ ነው። ጭሱን ግን ተዉት፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማጨስን ከልክሏል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በአንከሻም በባንጃም በአያቶቻችሁ ቤት ጥግ የተሰቀለ ጋያ፣ የተሰነጠቀም ሸክላ ቢሆን፣ ቢገኝ አትጣሉት፤ ማን ሠራው፣ ከየት ጭቃ ሠራው፣ ማን አጨሰበት ብላችሁ ሽማግሌዎቹን በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ዕቃውንም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩ። ከጣና ዋሻ የወጡት ሁለቱ ሸክላዎችም በዘመናቸው ማንም ያላያቸው ውዳቂ ነበሩ።