የኢትዮጵያ የሕግ ማሻሻያ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ የፌዴራል ሕጎች በብዙ ዘርፍ ተለውጠዋል። በዚያው ዓመት በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የተቋቋመው የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ከብዙዎቹ ረቂቆች ጀርባ ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አወዛጋቢውን የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ተካ፤ አሠሪና ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ገቡ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መመሪያ አወጣጥ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለመጀመሪያ ጊዜ አጠቃላይ ሥነ ሥርዓት አገኘ። ጥብቅና በአዋጅ ቁጥር 1249/2013፣ የግል መረጃ ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ የባንክ ሥራ ለውጭ ባንኮች በር በከፈተው አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ተከተሉ። ለሕግ ተማሪ ግን የአዋጆቹን ቁጥር መሸምደድ ከመንገዱ ግማሹ ብቻ ነው። ማሻሻያው አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲስ አልሠራም፤ ክፍል በክፍል ነው ያደሰው። ስለዚህ የተማሪው ዋና ሥራ የቱ እንደተሻረና የቱ እንደቀረ መለየት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም በማያነበው የአዋጁ መጨረሻ ላይ፣ «የተሻሩ ሕጎች» እና «የመሸጋገሪያ ድንጋጌ» በሚሉት አንቀጾች ውስጥ ነው።

ለዚህ ከንግድ ሕግ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ዣን ኤስካራ ጀምሮት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አምስት መጽሐፎች አሉት። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የተካው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ነው፤ ማለትም ነጋዴን፣ የንግድ ማኅበራትንና ኪሳራን። ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የመጣው በዚህ አዋጅ ነው፤ ቀድሞ ሁለት አባል ለማሟላት ሲባል በሚስት ወይም በወንድም ስም ጥቂት አክሲዮን ማስመዝገብ የተለመደ ዘዴ ነበር። ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና የባንክ ሥራዎች ግን በአሮጌው ሕግ ሦስተኛና አራተኛ መጽሐፍ ውስጥ ቀሩ። እንግዲህ አንድ ማኅበር ለዕቃ ዋጋ የሰጠው ቼክ ባንክ ሲደርስ ስንቅ የለውም እንበል፤ በገበያው ቋንቋ ደረቅ ቼክ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማኅበሩን ወክሎ የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ለማወቅ የ2013ቱን አዋጅ እንከፍታለን። ቼኩ ራሱ፣ የአውጪውም ኃላፊነት፣ የሚገዛው በ1952ቱ ሕግ ነው። ወንጀልነቱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ላይ ተጽፏል፤ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚቀርበው ክስ ደግሞ የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይከተላል። አንዲት ብጣሽ ወረቀት የአራት ዘመን ሕግ ታስገልጣለች።

በግልግል ዳኝነት ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ እዚያ ከአዲሱ ሕግ ጋር የሚጋጨው የፍርድ ቤት አቋም ነውና። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 42239 ተዋዋዮች የግልግሉን ውሳኔ «የመጨረሻ» ብለው ቢስማሙም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ሰበር ማየቱ አይቀርም አለ። አዲሱ የግልግል አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በበኩሉ ሰበርን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ተቃራኒ ስምምነት ካለ ይዘጋዋል። ታዲያ የቆየው የሰበር ትርጉም አለቀለት? የኋለኛ ሕግ የቀድሞውን ትርጉም ይሽራል ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ ብዙውንም ጊዜ ትክክል ነው። ሆኖም የሰበር ሥልጣን ምንጩ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ነው፤ ሕገ መንግሥት የሰጠው ሥልጣን በሁለት ሰዎች ውል ሊታለፍ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ አዋጅ ብቻውን አይመልሰውም። በእኔ ግምት አዋጁ ሚዛኑን ጠብቋል፤ ውሉ የሚያስቀረው የተዋዋዮቹን አቤቱታ እንጂ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አይደለም። ይህ ግን ክርክር የሚያስነሣ አቋም መሆኑን ተማሪው ማወቅ አለበት።

ተማሪ መርሕ ይማር እንጂ በየዓመቱ የሚለዋወጥ አዋጅ ምን ይሠራለታል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውል መርሖች ብዙ መንግሥት አሳልፈዋል። መርሕ ግን የት ድረስ እንደሚሠራ ወሰኑን የሚያበጅለት አዋጅ ነው። የግልግል መርሕ የተዋዋዮች ነፃነት ነው፤ ፍቺ፣ ግብርና ኪሳራ ግን በግልግል እንደማይታዩ የሚነግረን የአዋጁ ዝርዝር ነው። ሌሎች ደግሞ ይህ የጠበቃ ሥራ ነው፣ ሥራ ላይ ይለመዳል ይላሉ። ለዚህስ መልሱ አጭር ነው፦ የተሻረ አንቀጽ ጠቅሶ የሚከራከር ጠበቃ የሚማረው በደንበኛው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ አዲስ አዋጅ እጁ የገባ ተማሪ ከመጨረሻው ገጽ ቢጀምር ይበጀዋል። የተሻረውን ለይቶ ከአሮጌው መጽሐፉ ላይ በእርሳስ ይሰርዝ፤ ከዚያ የሰበር ትርጉሞችን አምጥቶ ከቀረው ጋር ያመሳክር። አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩበትም አይጠራጠር፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው።