የጣት ዜማና የባቡር ከተማ

ሕፃን ልጅ የሚያገኘው የመጀመሪያው መቁጠሪያና መለኪያ የገዛ እጁ ነው። ሜትር ከመግባቱ በፊት በአገራችን ጨርቁም ግንቡም በጣት፣ በጋት፣ በስንዝርና በክንድ ይለካ እንደነበር ይታወቃል። ይህን መሣሪያ ከልጁ ጋር የሚያስተዋውቀው ዜማ ነው። ጣቶቹ አንድ በአንድ እየተነኩ በዜማ ሲጠሩለት፣ ልጁ ስምን፣ ተራንና ቁጥርን በአንድ ጊዜ ይማራል።

የዚህ ዓይነቱ ዜማ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገባበት ታሪክ በኢትዮጵያ ሲነሣ ድሬዳዋን ማለፍ አይቻልም። የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው እንደሚገልጹት፣ በአገራችን የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት በ1892 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋ የተከፈተው የምድር ባቡሩን ሥራ ለሚመሩ ፈረንሳውያን ባለሙያዎች ልጆች ነው። ይሁን እንጂ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደቻቱ ወንዝ ዳር የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማም የተቆረቆረችው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘመኑ በሐዲዱ ሲመዘን ጥቂት ወደዚህ መቅረብ ይኖርበታል። ያም ሆነ ይህ፣ ትምህርት ቤቱ የመሐንዲሶች ሥራ ያስከተለው መሆኑ አያጠራጥርም።

የመዋዕለ ሕፃናት ሐሳብ አመንጪ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ነበር። በወጣትነቱ ደንና የመሬት ቅየሳ የተማረው ይህ ሰው በ1837 እ.ኤ.አ. በባድ ብላንክንቡርግ ተቋሙን መሠረተ፤ በ1844 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለእናቶች ያዘጋጀውን የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የጣት ጨዋታዎች ሰፊ ቦታ አላቸው፤ ጣቶችም እንደ አንድ ቤተሰብ ይታያሉ። ትምህርቱ ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ሲዛመት የጣት ዜማ አብሮት ተጓዘ።

ከዚያ ትምህርት ቤት አጥር ውጭስ? በከዚራ የፈረንጆቹ ልጆች ሲማሩ፣ ከደቻቱ ማዶ በመጋላ ሌላ ትምህርት ይካሄድ ነበር። በኦሮምኛም ሆነ በሶማልኛ የእጅ ጣቶች ቁጥር «ሸን» ነው፤ የሐረሪና የአማርኛ ቁጥሮችም ከአንድ ሴማዊ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ የመጋላ ልጅ በጎረቤቱ ቋንቋ ጣቱን ለመቁጠር ብዙ አይቸገርም። በሶማልኛ «ፈር» የሚለው ቃል ጣትንም ጽሕፈትንም ያመለክታል። በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በቁርአን ቤት ልጁ ፊደሉን እየጠቆመ በዜማ ያነበንባል። ጣት፣ ዜማና ፊደል በዚህ ምድር የተዋወቁት ከባቡሩ በፊት ነው።

የአማርኛው የጣት አጠራርም የራሱ አስተያየት አለው። የፍሮቤል ጣቶች ቤተሰብ ሲሆኑ፣ የእኛዎቹ ግን መንደር ናቸው፤ አውራ አለ፣ ሌባ አለ፣ በመሐል የቆመ አለ፣ ቀለበት ያጠለቀ አለ፣ ትንሽም አለች። ልጁ ስማቸውን ሲማር ሰዎች በሥራና በጠባይ እንደሚለያዩ፣ ነገር ግን በአንድ መዳፍ ላይ እንደሚኖሩ አብሮ ይማራል።

መዋዕለ ሕፃናት ለብዙ ዘመን የጥቂቶች ሆኖ ቆየ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ብቻ የተወሰነ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ተስፋፋ። በሩ ለመጋላ ልጆች መከፈቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በበሩ የገባው ልጅ እንጂ የሴት አያቱ ዜማ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ የአባት ጣት፣ የእናት ጣት እያለ የሚዘምረው የባዕድ ዜማ በስልክ መስታወት ላይ ከየቤቱ ደርሷል፤ ቤተሰብ የሆኑት ጣቶች በሌላ መንገድ ተመልሰው መጡ ማለት ነው። እንግዳን መቀበል ለድሬዳዋ አዲስ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው እንግዳው ሲገባ ባለቤቱ ከወጣ ነው።

አንድ ሜትር ስፋት የነበረው አሮጌ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ለተመረቀው ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር መስመር ዋና ሥራውን አስረክቧል። የቆየው ብረት ግን ዛሬም ይታያል፤ ይለካል፤ ሥዕሉ ይነሣል። ዜማ እንዲህ ያለ ቅሪት የለውም፤ የሚያውቁት አሮጊት ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ የድሬዳዋ የጣት ዜማዎች በየቋንቋቸው በድምፅ ተቀርጸው፣ ከነእጅ እንቅስቃሴያቸው ተጽፈው ሊቀመጡ ይገባል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ይህ ጊዜ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው።