ሁለት ጩቤና አንድ ቆብ
ከዩልዮስ ቄሳር ገዳዮች አንዱ የሆነው የብሩተስ ዲናር። ብር፤ ክብደቱ 4 ግራም አይሞላም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43/42፣ ለወታደር ደመወዝ በዘመቻ ላይ የተቀረጸ።

መሐል ላይ ያለው ቆብ ጌጥ አይደለም፤ በሮም ባሪያ ነፃ ሲወጣ የሚደፋው ነው። ግራና ቀኝ የቆሙት ጩቤዎች ዩልዮስ ቄሳር የተገደለባቸው ናቸው። እጀታቸውን ልብ ብለው ይዩት፤ አንዱ ከሌላው ይለያል። አንዱ የብሩተስ፣ ሌላው የአድማ ጓዱ የካሲየስ ነው የሚሉ አሉ። ከሥር ያለው «ኤይድ ማር» በአጭሩ የተጻፈ ቀን ነው፦ የማርች አጋማሽ፣ ቄሳር የወደቀበት።

ጀርባውን በመስታወቱ ይመልከቱ፤ ነገሩ የሚጣመመው እዚያ ነው። ቄሳር በቁሙ መልኩን በሮም ገንዘብ ላይ ማስቀረጹ፣ ንጉሥ መሆን አማረው አስብሎት ነበር። ነፃ አውጪ ነኝ ባዩ ብሩተስም ይኸው፣ ጢሙ ሳይቀር፣ ራሱን አስቀርጿል!

ሰብሳቢዎች አጥብቀው ስለሚሹት አስመስለው የሚሠሩትም ብዙ ናቸው። በወርቅ የተቀረጸው እጅግ ብርቅ ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ላይ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጦ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የቀረበው ማስረጃ ሐሰት ሆኖ በመገኘቱ በ2023 ለግሪክ ተመልሷል።